የቢላዋና የአፎት ሥራ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፦ ታሪኩና ለትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

የአንድ ኅብረተሰብ የዕደ ጥበብ ታሪክ በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም። በየጓዳው ተሰክቶ የሚኖረው ቢላዋ ራሱ ሰነድ ነው። ስለቱ ስለ ብረት አሠራር፣ እጀታው ስለ ቀንድና ስለ እንጨት አጠቃቀም፣ አፎቱም ስለ ቆዳ ፋቂው ሙያ ይናገራል። ከዚህም ሌላ ሠሪውና ተጠቃሚው በምን ዓይነት ግንኙነት ይኖሩ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ፣ ለጋምቦን፣ ቦረናንና ሳይንትን ይዞ፣ በስተሰሜንም ተንታን፣ መቅደላንና ደላንታን ጨምሮ፣ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የተከበበ ሰፊ አገር ነው። በዚህ አገር ሁለት ሀብቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው የቆየው የብረት፣ የቀንድና የቆዳ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የታወቀው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ነው። በሌሎች አገሮች ብረትና ዕንቁ በአንድ መሣሪያ ላይ የተገናኙበት ዘመን ሩቅ ነው። የሕንድ ሞጉል ነገሥታት ጩቤዎች የጄድ ድንጋይ እጀታ ነበራቸው። በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መዘክር የሚገኘውና በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተሠራው ጩቤም እጀታው በሦስት ትላልቅ መረግዶች ያጌጠ ነው። በወሎ ደጋ ግን ወናፉና ዕንቁው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት የድንጋዩ ዘግይቶ መገኘት ብቻ ነውን? ወይስ ሥር የሰደደ ሌላ ችግር አለ? ጥያቄው ለመምህራንም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅም ነው።

1. ብረቱ፣ ቀንዱና ቆዳው

የገጠሩ ቀጥቃጭ የሥራ ቦታ ቀላል ነው። ከቆዳ የተሰፋ ወናፍ፣ የከሰል ምድጃ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና ሞረድ ዋነኛ መሣሪያዎቹ ናቸው። ዛሬ ብረቱ በአብዛኛው የሚገኘው ከአሮጌ ተሽከርካሪ ነው። በተለይ ባሌስትራ፣ ካርቦን ያለው ጠንካራ ብረት በመሆኑ፣ ለስለት ተመራጭ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ ይቀጠቅጣል፤ ቅርጹን ካስያዘ በኋላ እንደገና አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። በውኃ የጠነከረው ብረት መልሶ በልክ ካልሞቀ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህ ልክ የሚታወቀው በብረቱ ላይ ከሚታየው የቀለም ለውጥ ነው። መለኪያው የሠሪው ዓይን እንጂ ሌላ መሣሪያ አይደለም። በትምህርት ቤት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚነገረው የብረት ጠባይ በቀጥቃጩ ጎጆ በየዕለቱ በተግባር ይታያል ማለት ነው።

እጀታው እንደ ባለቤቱ አቅም ይለያያል። ለተራው ሰው እንጨት ወይም የበሬ ቀንድ ይበቃል። በቀደሙት ዘመናት ለመኳንንት ጎራዴና ሾተል ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው የአውራሪስ ቀንድ ነበር። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤ በላብም ሆነ በደም በራሰ እጅ ውስጥ አይንሸራተትም። የቢላዋው ቀጭን ጭራ ግሎ ወደ ቀንዱ ሲሰካ መንገዱን ራሱ ያበጃል። ስለዚህ ቀንድ የተመረጠው ድንጋይ በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ለአሠራሩ በመስማማቱም ነው።

አፎቱን የሚሠራው ቆዳ ፋቂው ነበር። ቀይ የተነከረ ቆዳ በቀጭን እንጨት ላይ ይለበጣል፤ ጫፉና አፉ በናስ ወይም በብር ይታሰራል። የከፍተኛ ሹማምንት ሰገባ በአንጥረኛ እጅ በብርና በወርቅ ያጌጥ ነበር። የደጋው ጦረኛ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ እንደ ነበረ የ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦች በመገረም ጽፈዋል። በግራ ክንዱ ጋሻ ስለሚይዝ መሣሪያው በዚያ በኩል እንዳያደናቅፈው ነው። እንግዲህ አንድ ጎራዴ የቀጥቃጩን፣ የቀንድ ሠሪውን፣ የፋቂውንና የአንጥረኛውን ሙያ በአንድነት ይጠይቅ ነበር።

2. ከመካነ ሥላሴ እስከ መቅደላ

ብረታ ብረትና ዕንቁ በዚህ ምድር ከቶ አልተገናኙም ማለት አይቻልም። በቤተ አምሐራ በዐፄ ናዖድ ተጀምራ በዐፄ ልብነ ድንግል የተፈጸመችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በወርቅና በብር ሰሌዳ፣ በዕንቁም ያጌጠች እንደ ነበረች የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ገልጿል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1524 ዓ.ም. ተቃጠለች። ከሕንፃው ጋር የጠፋውን የእጅ ሙያ መጠን መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ታላቅ ምዕራፍ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ አቀለጡ፤ ወጣቶችም በዚያ ሙያ ተማሩ። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሆነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ የደላንታን ሜዳ አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከአምባው የተዘረፈውን ሀብት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን የእንግሊዝ ጦር ያንን ሀብት ለጨረታ ያቀረበው በዚያው በደላንታ ሜዳ ነበር። መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ አልባሳትና የጦር መሣሪያዎች ለመኮንኖችና ለቤተ መዘክር ወኪል ተሸጡ። የአገሩ ባለሙያ ሊያየውና ሊማርበት ይችል የነበረው ብዙ ሥራ በሁለት ቀን ውስጥ ባሕር ለመሻገር ተዘጋጀ።

3. አዋጁና ትምህርት ቤቱ

የሥራው ውጤት ሲከበር ሠሪው ግን ይናቅ ነበር። ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይፈራል፤ በብዙ ቦታ የርስት ባለቤትነት አልነበረውም፤ ጋብቻውም ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ነበር። ባል ብረት ሲቀጠቅጥ ሚስት ሸክላ መሥራቷ የተለመደ ነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ማረጃ ቢላዋ ከአንድ ወናፍ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱም በቢላዋው ይጠቀማሉ፤ ሠሪውን ግን ሁለቱም በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ንቀቱ ያስከተለው ከሁሉ የከፋው ጉዳት ዕውቀቱ በቤተሰብ ተከልሎ መቅረቱ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ሙያ፣ ልጁ ስድቡን ሸሽቶ ከተማ በገባ ዕለት ይቋረጣል።

ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ በጊዜው እጅግ የቀደመ አስተሳሰብ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያተኮረው በቋንቋዎች ላይ ነበር። ስድቡ ሲከለከል ሙያው ወደ ሰሌዳው አልቀረበም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቀጥቃጩም እንደ ጎረቤቱ መሬት የማግኘት መብት አገኘ፤ በ1969 ዓ.ም. የእጅ ሥራንና አነስተኛ ኢንዱስትሪን የሚያስፋፋ መንግሥታዊ ድርጅት ተቋቋመ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለሙያ ሥልጠና የራሱን መስመር ሰጠ። እነዚህ ሁሉ በሩን ከፍተዋል። ሆኖም ሕግ የሚለውጠው መብትን ነው፤ ልጆች በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰነዝሩትን ስድብ የሚለውጠው መምህሩ ነው።

የውጭ ዕቃ ነው ሙያውን የገደለው የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ግማሽ እውነት አለው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማና የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ስለት ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ለብዙው ስለት እጀታና ሰገባ ያበጀለት የአገሩ ባለሙያ ነው። ከውጭ በመጣው ላይ የራሱን ጨምሮ መሥራት የቻለ ሙያ በውድድር ብቻ ይጠፋል ማለት ያስቸግራል። ይበልጥ የጎዳው ተተኪ ማጣት ነው።

4. የደላንታ ዕንቁ

የወገል ጤና ኦፓል ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተፈጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብር ውስጥ ይገኛል። ወጣቶች በገደል አፋፍ ዋሻ እየቆፈሩ በብዙ አደጋ ያወጡታል። ዋጋውን የሚያበዛው ግን ቆርጦ ማለስለሱ ነው።

ድንጋዩን በቢላዋ እጀታ ላይ ለማዋል መጀመሪያ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙው የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲረጥብ ኅብረ ቀለሙ ለጊዜው ሊደበዝዝ፣ ሲደርቅ ሊመለስ ይችላል። ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጭራውን አግሎ የመስካት የቆየው ዘዴ ለኦፓል አይሆንም። የማረጃና የወጥ ቤት ቢላዋም ዘወትር ስለሚታጠብ በኦፓል ማስጌጡ ብልኅነት አይደለም። የሚስማማው እጀታው ከቀንድ ሆኖ፣ ዕንቁው ስለቱ ቀዝቅዞ ሥራው ካለቀ በኋላ በብር ማቀፊያ በእጀታው ራስ ወይም በአፎቱ አፍ ላይ ቢቀመጥ ነው። ይህ ደግሞ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ሠሪውን፣ አንጥረኛውንና ድንጋይ አለስላሹን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ብረትና ዕንቁ ሳይገናኙ የቆዩት ድንጋዩ ዘግይቶ በመታወቁ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ከርስት፣ ከጋብቻና ከትምህርት ቤት ተለይቶ በመኖሩም ነው። ዕቅድ አውጪው መቁረጫ መኪና ከመግዛቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ቢኖር፣ የማስተማር ሥልጣን ለማን ይሰጣል የሚለው ነው። ሽማግሌው ቀጥቃጭ የምስክር ወረቀት ስለሌለው በሥልጠና ጣቢያው በር ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ጣቢያው የሚያስተምረው ግማሹን ብቻ ነው። መምህሩም በበኩሉ ተማሪዎቹን ወደ ወናፉ ወስዶ፣ ብረት ሲጋል ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ ቀጥቃጩ ራሱ እንዲያስረዳቸው ቢያደርግ፣ የሳይንስ ትምህርቱ ይጠናከራል። ከተማሪዎቹ መካከል የዚያ ቀጥቃጭ ልጅ ቢኖር ደግሞ፣ አባቱ በጓደኞቹ ፊት ሲያስተምር ማየቱ ከማንኛውም አዋጅ የበለጠ ያስተምረዋል።