አሮጌው ክኒን ወይስ አዲሱ? ከሸማ ተራ የተነሣ የታሪክ ወግ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል ከመካከላችን አንዱ እዚያው ቆሞ ያይ ነበር። ነጠላና ጋቢ እየተሸጠበት ያደገበት የቤተሰቡ ሱቅ ከተረፉት አንዱ ነው። እንቅልፉ ግን አልተረፈም። መጀመሪያ ድንጋጤ ነው አልን፤ ቀጥሎ ድካም ነው አልን፤ በኋላ ደግሞ «ሰው ጠላ» ተባለ። ሸማ ተራ ውስጥ ደንበኛ ሲያልፍ ዝም የሚል ነጋዴ ወዲያው ይታወቃል። ወራት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የነገሩ ስም ድብርት ሆነ፤ የታዘዘለት ክኒን ደግሞ አሚትሪፕቲሊን።

ክኒኑን ከጀመረ ስድስት ወር ሆኖታል። በሳምንት ሁለት ቀን ሳይኮሎጂስት ዘንድ ይቀመጣል። ከእሳቱ በፊት የነበረውን፣ የአባቱን ሞት ጭምር፣ መናገር የጀመረው ገና ባለፈው ወር ነው። ልክ በዚህ መሐል ሐኪሙ «መድኃኒቱን በፍሉኦክሴቲን ብንቀይረውስ?» አለው። ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ውስጥ ጣቃ ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ጥያቄውን ዘረገፈልን። «ተቀይሮ ብወድቅስ? ቢሻለኝስ ክኒኑ ነው ወይስ ወሬው ያዳነኝ ልበል?»

ከእኛ አንዱ ቸኩሎ «የድሮውን ጥለህ አዲሱን ያዝ» አለው፤ ሞባይል እንደመቀየር። ሐኪም ባንሆንም ይህች አባባል ከነከነችን። እስቲ የድሮው ምን ያህል የድሮ ነው? አዲሱስ ምን ያህል አዲስ ነው?

ከሸማ ተራ አማኑኤል ሆስፒታል በእግር የሚደረስ ነው። ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ብንል ብዙ አልዋሸንም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ለ«አገሬው» ብሎ ወደ መርካቶ ሲያዛውር፣ አማኑኤልም የተቋቋመው በነዚያው ዓመታት፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ስሙ ስድብ ሆነ፤ «አማኑኤል ግባ» ሲባል ያልሰማ የመርካቶ ልጅ የለም። የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሳይካትሪስቶች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1995 ዓ.ም. ነበር። ያኔ በአገሪቱ ሁሉ የነበሩት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር «ከሐኪሜ ጋር መድኃኒት ስለመቀየር እየተመካከርን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው። ለእናቶቻችን እንዲህ ዓይነት ምርጫ አልነበረም።

ወደ ክኒኑ እንመለስ። የድብርት መድኃኒት ፈልጎ ያገኘው የለም ማለት ይቻላል፤ በአጋጣሚ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ስታተን አይላንድ ላይ ለሳንባ ነቀርሳ ኢፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው ሕመምተኞች ሳንባቸው ሳይድን መንፈሳቸው ተነሣ። በ1956 ደግሞ ሮላንድ ኩን የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም፣ ጋይጊ የተባለው ኩባንያ ለሌላ የአእምሮ ሕመም ይሆን እንደሆነ ብሎ የላከለትን ውሕድ በድብርት ለተያዙ ሰጥቶ ለውጥ አየ፤ ኢሚፕራሚን ነው። የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በ1961 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ አሚትሪፕቲሊን አለበት። ርካሽ ነው፣ ማታ አንዴ ይዋጣል፣ እንቅልፍ ያመጣል።

ፍሉኦክሴቲን፣ ማለትም ዝነኛው ፕሮዛክ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987 መጨረሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የገባው ግን በ2007፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ወንድማችን «አዲሱ» የሚለው ክኒን ምናልባት ከራሱ ዕድሜ ይበልጣል። አዲስ የሆነው ለእኛ ነው፤ እንደ ብዙው ነገር።

አዲስ ማለት የተሻለ ማለትም አይደለም። በ2018 ላንሴት ላይ የታተመ ሰፊ ግምገማ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን አንድ ላይ አይቶ 21 መድኃኒቶችን አወዳደረ። በፈዋሽነት አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? አሮጌው አሚትሪፕቲሊን! ፍሉኦክሴቲን የበለጠው በሌላ ነገር ነው፤ የጀመሩት ሰዎች አቋርጠው የሚተዉት ያነሰ ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፣ ያወፍራል፣ ከመጠን በላይ ከተወሰደም ልብን ይጎዳል። ወንድማችን ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ጭጋግ ውስጥ እንደሆነ ነግሮናል። ደንበኛ ማለዳ ለሚመጣበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል አሁን የሚተኛው በዚያው ክኒን ነው፤ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ሲጀመር አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሣል፣ ያቁነጠንጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ፍሉኦክሴቲን አሚትሪፕቲሊን ደም ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ ሐኪም እየቀነሰና እየጠበቀ ያሻግራል እንጂ በራስ ውሳኔ አንዱን ጥሎ ሌላውን መዋጥ አደጋ ነው።

መቀየሩ ምን ያህል ይሠራል ለሚለው፣ ስታር ዲ በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በ2006 የወጣው ውጤት አለ። የመጀመሪያው መድኃኒት ያልያዘላቸው ሰዎች ከሦስት መድኃኒቶች ወደ አንዱ ተቀየሩ፤ የተሻላቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከሦስቱም አንዱ ከሌላው አልበለጠም። አያስጨፍርም፤ ተስፋም አያስቆርጥም።

ስለ ወሬውስ? በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ሥር በሰደደ ድብርት የተያዙ 681 ሰዎችን ለሦስት ከፈለ። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 48 በመቶ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ከወሰዱትም 48 በመቶ ለውጥ አሳዩ፤ ሁለቱን አብረው የወሰዱት ግን 73 በመቶ ደረሱ። (የሚገርመው፣ የዚያን ጥናት መድኃኒት ኔፋዞዶንን ጉበት ይጎዳል የሚል ስጋት ከተነሣ በኋላ አምራቹ በ2004 አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አቆመ። የጥናቱ ትምህርት ግን ቀረ።) ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ መያዝ ክህደት እንዳልሆነ ብዙ ሰው ሰምቷል።

እንግዲህ «ክኒኑ ነው ወይስ ወሬው?» ለሚለው የወንድማችን ጥያቄ፣ ተመራማሪዎቹም ለአንድ ሰው ለይተው ሊመልሱለት አይችሉም። እኛን የበለጠ ያሳሰበን ጊዜው ነው። ስለ አባቱ ገና አፉን በከፈተበት ሳምንት ክኒኑ ተቀይሮ ቢከፋው፣ የሚከፋው በሐዘኑ ይሁን በክኒኑ ማን ይለየዋል? ሐኪሙ ስለ ሳይኮሎጂስቱ ስም እንኳ አያውቅም፤ ሳይኮሎጂስቱም ክኒኑ ሊቀየር እንደታሰበ አልሰማም። ሁለቱ አንድ ሰው እያከሙ ተደዋውለው አያውቁም። ይህ በእሱ ላይ ብቻ የደረሰ አይመስለንም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለን። እንዲቀይርም እንዳይቀይርም አልነገርነውም፤ ያ የእኛ ሥራ አይደለም። ከባንኮኒው ላይ የሒሳብ ደብተሩን ሳበና ከኋላው አንድ ቅጠል ቀደደ። የሁለቱንም ስልክ ቁጥር ጻፈ፤ ከሥሩ «እንቅልፍ፣ የጠዋት ጭጋግ፣ አባቴ» ብሎ አከለበት። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት አንዲት እናት ገብተው የጥለት ነጠላ ጠየቁት፤ ተነሥቶ ዘረጋላቸው።