ሲሮጡ የታጠቁት

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ከማራቶን አልፎ ሃምሳም መቶም ኪሎ ሜትር በዳገት በቁልቁለቱ ለሚያስኬደው ለአልትራ ማራቶን ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

እዚህ ቱላ፣ ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። የጎረቤቴ ልጅ በቅርቡ «ጋሼ፣ የተራራውን ረጅም ሩጫ ልሞክር ነው፤ የጎደለኝ ጥሩ ጫማ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ትንሽ የማውቀው ታሪክ ነው። የእኛ ታሪክ ደግሞ ስለ ጫማ ብዙም አይናገር። ስለ ስንቅ ግን ይናገራል።

ዐድዋን እንውሰድ። ዐፄ ምኒልክ ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ የተነሱት በጥቅምት፣ ውጊያው የካቲት 23። አምስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ወረኢሉ ላይ የተከማቸው ሠራዊት አምባላጌንና መቀሌን አልፎ ዐድዋ የደረሰው፣ አብዛኛው በእግሩ፣ ያውም በባዶ እግሩ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬደው ወኔ ብቻ አይደለም። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ የተሰናዳው ከቤት ነው። አብረው የዘመቱት ሴቶች እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውኃ እየቀዱ ባይሆን ኖሮ ጦሩ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። እንዲያም ሆኖ የካቲት ላይ ስንቁ ተመናምኖ ነበር። የኢጣሊያ ጦር ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ኖሮ ሠራዊቱን ረሃብ ሊበትነው ይችል እንደነበር የሚናገሩ የታሪክ ሰዎች አሉ።

ሩጫውም ያው ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሟጠጥ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደው በመንገድ ላይ እየበሉ መሄድ ነው፤ ለዚህም ሆድ እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። ዳገቱን መራመድ ነውር አይደለም። ጭንን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነውና መውረድንም ቢሆን ወራት ወስዶ መልመድ ያስፈልጋል።

ባዶ እግር ሲነሳ አበበ ቢቂላ መምጣቱ አይቀርም። ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ባዶ እግሩን ሁላችንም እናወራለን፤ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የለፋውን ልፋት ግን ስንቶቻችን እናነሳለን? በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። በአምስት ሳምንት ተዘጋጅቶ እንዳይመስላችሁ። አስቀድሞ የታጠቀ ስለነበር ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩ ተጎድቶ ሳለ ገባና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ አበበ እንኳ የተጎዳ እግሩን በወኔ ማስሮጥ አልቻለም።

በደቡብ አፍሪካ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥበት ኮምሬድስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የጦር ጉዞን መከራ የቀመሰ ቪክ ክላፋም የሚባል ሰው ለወደቁ ጓዶቹ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ነው ያቋቋመው። በመጀመሪያው ዓመት ከተነሱት 34 ሯጮች የጨረሱት 16 ብቻ ናቸው። ያም መንገድ ከእኛዎቹ መንገዶች የተለየ ነገር አልተናገረም።

ለገጠር ቤተሰብ ልጅን ለሩጫ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከእርሻው አንድ ጉልበት ይጎድላል፤ ልጁ በሁለት ወር ጥድፊያ ተሰብሮ ከተመለሰ ደግሞ ሩጫውም እርሻውም ይቀራል። ስለዚህ ወላጅም አሰልጣኝም «መቼ ትወዳደራለህ?» ከማለታቸው በፊት «ምን በልተህ ነው የምትሮጠው? መቼ ታርፋለህ? ሲያምህ ለማን ትናገራለህ?» ብለው ይጠይቁ። ለእነዚህ መልስ የሌለው ልጅ፣ ጫማው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ገና አልታጠቀም።