ለጣና የሚስማማ የጀልባ ፕሮፔለር እንዴት ይመረጣል?

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጎርጎራ የጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ወደብ ናት። የሞተር ጀልባዎች ምዕመናንን ወደ ገዳማት፣ ነጋዴን ወደ ገበያ፣ ዓሣ አስጋሪን ወደ መረቡ ያደርሳሉ። የጉዞውን ደኅንነትና የቤንዚኑን ወጪ የሚወስነው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ውኃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደው ፕሮፔለርም ነው። ፕሮፔለር ሲሰበር የአሮጌውን ቁጥር አይቶ ተመሳሳዩን መግዛት የተለመደ ነው። ነገር ግን አሮጌው ራሱ ለጣና የማይስማማ ኾኖ ሊገኝ ይችላል።

የከፍታው ተጽዕኖ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ቤንዚን የሚያቃጥልበት ኦክስጅንም ይቀንሳል። በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል። በዚህም መሠረት በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ጣና ላይ ወደ 33 ገደማ ይወርዳል። ለባሕር የተመረጠ ፕሮፔለር ለዚህ ሞተር ሊከብደው ይችላል፤ ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ ለመውጣት እንደሚታገል የጭነት መኪና ያስጨንቀዋል።

ቁጥሮቹን ማንበብ

በፕሮፔለሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች በኢንች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው የክቡ ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር፣ ውኃው ባይሸሸው ኖሮ፣ ወደ ፊት የሚጓዘውን ርቀት ያመለክታል። በከፍታ ምክንያት መጀመሪያ የሚስተካከለው ፒቹ ነው።

ትክክለኛውን ለመለየት ጀልባዋን የዘወትር ጭነቷን አስይዞ፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የሞተሩን የደቂቃ ዙር በመቁጠሪያ መለካት ያስፈልጋል። ውጤቱ በሞተሩ መመሪያ ከተቀመጠው መጠን ጋር ይነጻጸራል። ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ለምሳሌ መመሪያው ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዙር የሚፈቅድ ኾኖ ሞተሩ 4 ሺህ 800 ላይ ከቆመ፣ ፒቹን በ2 ኢንች መቀነስ ወደ 5 ሺህ 100 ወይም 5 ሺህ 200 ያደርሰዋል። ዙሩ ከተፈቀደው በላይ ከኾነ ደግሞ ፒቹ መጨመር አለበት። ኹለቱም ስሕተቶች የሞተሩን ዕድሜ ያሳጥራሉ።

ብረቱና ክንፎቹ

የአሉሚኒየም ፕሮፔለር በዋጋ ይቀንሳል፤ ሲጣመምም ብዙ ጊዜ ይጠገናል። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ንዝረቱን ወደ ካምቢዮው ሊያስተላልፍ ይችላል። ድንጋያማ ዳርቻ ለሚያዘወትር አሉሚኒየሙ ይመረጣል። ሦስት ክንፍ ያለው ለብዙ ሥራ በቂ ነው፤ አራት ክንፍ ያለው ከባድ ጭነት ላይ ውኃውን በተሻለ ይይዛል። ከመግዛት በፊት የመሐል ጥርሶቹ ከሞተሩ ዘንግ ጋር መግጠማቸው ይረጋገጥ፤ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው ላይገጥም ይችላልና።

ከመቀየር በፊት

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ካልተራመደች ችግሩ ከክንፎቹ ላይኾን ይችላል፤ የመሐል ጎማው ተላቆ ይኾናል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩ ሲመታ ቀድማ ተሰብራ ካምቢዮውን የምታድን ፒን አለች። በእርሷ ምትክ ምስማር ወይም ጠንካራ ብረት ማስገባት ትንሹን ጉዳት ወደ ትልቅ ወጪ ይለውጠዋል።

ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። የተቆረጠ የመረብ ክር ግን የበለጠ አሳሳቢ ነው፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ፓራኦሊዮውን ይቆርጣል። የካምቢዮው ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩን በየጊዜው አውጥቶ ክሩን ማጽዳትና ዘንጉን ግራሶ መቀባት ይገባል።

ፕሮፔለሩን ከመንካት በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ የካንዴላው ገመድም ይነቀል። ተሳፋሪ የሚጭን ጀልባ ደግሞ ትርፍ ፕሮፔለር፣ ፒን፣ መፍቻ፣ መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይዝ ከወደብ መነሣት የለበትም። ነፋስ በተነሣበት ሐይቅ መሐል መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም።