ጠብታና ምንጭ፦ የአሮጌ መኪኖች ዘይት ማፍሰስ በኢትዮጵያ የጥገና ታሪክ ውስጥ

የመኪና ታሪክ በኢትዮጵያ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው መኪናው የገባበት ዘመንና ያስገባው ሰው ስም ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውን በማቋረጥ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና አዲስ አበባ ማድረሱና ለዳግማዊ ምኒልክ ማቅረቡ በየመጽሐፉ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ፣ ይኸውም የገባው መኪና ለሠላሳ፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት በምን ዘዴ በሕይወት እንደቆየ፣ የተጻፈለት እምብዛም ነው። ሆኖም የትራንስፖርት ታሪክ ትልቁ ክፍል ይህ ነው።

መኪና የሚያረጀው በአብዛኛው በብረቱ ሳይሆን በፈሳሹ በኩል ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ቤንዚንና የራዲያተር ውኃ በየቦታቸው እስካሉ ድረስ ብረቱ ይታገሣል። ከቦታቸው ማምለጥ ሲጀምሩ ግን የሞተሩ ዕድሜ በጠብታ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ የአሮጌ መኪና ጠጋኝ ችሎታ የሚለካው ጠብታውን በማቆም ብቻ ሳይሆን ምንጩን በማግኘት ነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታና ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አንድ አይደሉምና።

የሙያው ቋንቋና ገበያ

የመካኒክነት ሙያ በኢትዮጵያ የተስፋፋበትን መንገድ ራሱ ቋንቋው ይመሰክራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴና ግራሶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜና ከዚያም በኋላ ጋራዥ ከፍተው በቀሩ ጣሊያናውያን ዘንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ቀስመዋል። ትምህርቱ በእጅና በዓይን ይተላለፍ ስለነበረ በጽሑፍ የቀረው ጥቂት ነው።

ከጋራዡ ጎን ለጎን ደግሞ የመርካቶ ገበያ ነበረ። ሶማሌ ተራ በመለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ የተጣለውን ብረትና ጎማ ለሌላ ጥቅም በማዋል ይታወቃሉ። አዲስ ጋስኬት በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት ጊዜ መካኒኩ ወፍራም ወረቀት ወይም ቡሽ በክፍሉ ጠርዝ ላይ ያነጥፍና በመዶሻ ቀስ እያለ ዙሪያውን በመምታት ቅርጹን ቆርጦ ያወጣዋል። ይህ ዘዴ ትክክለኛ ውፍረት ያለው ዕቃ እስከተመረጠና ሁለቱ ፊቶች ጠፍጣፋ እስከሆኑ ድረስ በምሕንድስና ረገድ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ፊቱ ሳይጸዳ የማጣበቂያ መዓት መለጠፍ ነው። ወደ ውስጥ የተረፈው ማጣበቂያ ተቆርሶ የዘይቱን መተላለፊያ ሲዘጋ፣ ከመፍሰስ የባሰ ጉዳት ያስከትላልና።

ራዲያተር የሌላት መኪና

ስለ ዘይት ማፍሰስ ለመነጋገር ከቮልስዋገን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት የምትታወቀው ይህች መኪና በአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥም ስሟ ተመዝግቧል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ በፑዌብላ ከተማ ምርቷ አብቅቷል።

ቮልስ ራዲያተርም ሆነ ውኃ የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዙት የማራገቢያው ነፋስና በውስጧ የሚዘዋወረው 2.5 ሊትር ዘይት ናቸው። ስለዚህ በእርሷ ዘንድ ዘይት ማለሰሻ ብቻ ሳይሆን የውኃውንም ሥራ የሚሠራ ነው። ግማሽ ሊትር ቢጎድል ከማቀዝቀዣዋ አንድ አምስተኛው እንደጎደለ ይቆጠራል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ በምትገኝበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያደርሰው የአየር መጠን ስለሚቀንስ ሙቀቱን የመሸከም ሸክም ይበልጡን በዘይቱ ላይ ይወድቃል። ውኃ ያላቸውም መኪኖች ከዚህ ከፍታ ጣጣ አያመልጡም። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ይገነፍላል።

የአገና ጉዞ

አሮጌ መኪና በከተማ ውስጥ የሚደብቀውን ሕመም ረጅም ጉዞ ያወጣዋል። ለዚህም የጉራጌ አገር መንገድ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከየኪሳቸው አዋጥተው የትውልድ አገራቸውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። ይህም ጥረት በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት ለተባለው ተቋም መሠረት ሆነ። መንገዱ ሲከፈት በየዓመቱ ለመስቀል በዓል ወደ አገር ቤት የሚደረገው ጉዞ በእግርና በበቅሎ መሆኑ እየቀረ በመኪና ሆነ።

ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ድረስ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልቂጤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አገና የሚሄድ ተጓዥ በእንሰት ማሳ መካከል ሽቅብ ወደ ደጋው ይወጣል። መንገዱ ሞተርን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። ከሰዓታት ጉዞ በኋላ የጋለው ዘይት ቀጥኖ ከቀዝቃዛው ይልቅ በጠባብ ክፍተት በቀላሉ ያልፋል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲደክም ሙቀቱ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስ ደግሞ ጠብታውን በሞተሩ ሥር ሁሉ ይበትነዋል። አዲስ አበባ ላይ በሌሊት አንድ ሁለት ጠብታ የምታሳይ ቮልስ አገና ስትደርስ ሥሯ ሁሉ በዘይት ርሶ የምትገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ጠቢብ ባለመኪና ከመነሣቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ወልቂጤ ላይ ቆሞ የዘይቱን መለኪያ ያያል።

የፍለጋው ሥርዓት

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በነፋስም ይገፋል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው። ከእርጥቡ ቦታ ከፍተኛውንና ወደ ፊት የቀረበውን መርምር፣ ምንጩ ከዚያ አይርቅም። ይህን ለማድረግ ሞተሩ አስቀድሞ መታጠብና መድረቅ አለበት። ከታጠበ በኋላ የተጠረጠረው ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሶ ሞተሩን ማስነሣት፣ ሌሊቱንም ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ማንጠፍ የቆየ ዘዴ ነው። ዛሬ በዘይቱ ውስጥ ልዩ ቀለም ጨምሮ በሐምራዊ መብራት መፈለግ ይቻላል፤ ዓላማው ግን ያው ነው።

ቮልስ ላይ በየጊዜው ከሚከሰሱት መካከል በሲሊንደሮቹ ሥር የተዘረጉት ቱቦዎች ይገኛሉ። 8ቱ ቱቦዎች በሁለቱም ጫፋቸው የጎማ ቀለበት ስላላቸው ዘይት የሚያመልጥባቸው 16 በሮች አሉ ማለት ነው። ነገር ግን ከላይ፣ በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች ሲደርቁ ዘይቱ በግራ በኩል ወርዶ እነዚሁኑ ቱቦዎች ያረጥባል። መካኒኩ ቸኩሎ ቱቦዎቹን ቢለውጥ ባለመኪናው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው አሳሳች ቦታ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ነው። በዚያ በኩል የሚወርደው ዘይት ከሞተሩ ኦይል ሲል ወይም ከካምቢዮው ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል። መለያው ሽታ ነው። የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ሲሆን የሞተሩ ቀጠን ያለና ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረ ነው። ሞተሩን ከማውረድ በፊት ጣትን ነክሮ ማሽተት የአንድ ቀን ድካም ያድናል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይረቅቃል። በቀበቶው መዘውር በኩል ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ኦይል ሲል የለውም። ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በመዘውሩ ላይ የተቀረጸ ጥምዝ ነው። የፒስተን ቀለበቶች ሲያረጁ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ታች ዘልቆ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፣ ዘይቱንም በዚያ በኩል ይገፋዋል። እዚህ ላይ የሚደፈን ቀዳዳ የለም። መፍትሔው መተንፈሻውን ማጽዳት፣ ካልሆነም ቀለበቶቹን መለወጥ ነው። ማፍሰሱ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም።

ብሎን ማጥበቅም ልክ አለው። በሞተሩ ሥር የወንፊቱን ክዳን የያዙት 6 ዳዶዎች ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ስሱ ክዳን ይጎብጣል። ጠብታው እንዲቆም የተጨመረው ጉልበት ጠብታውን ያበዛዋል።

ጊዜ የማይሰጠው ፈሳሽ

የሞተር ዘይት ሲጎድል ሞተር ይሞታል፤ የፍሬን ዘይት ሲጎድል ግን ሰው ይሞታል። ስለዚህ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የታየ እርጥበት ለነገ የሚባል አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተወስኗል። ውኃ ከሳበ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ በረጅም ቁልቁለት ላይም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ስሕተት በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት መጨመር ነው። የማዕድን ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች ስለሚያሳብጥ አንድ ጊዜ የተጨመረ ጠብታ የፍሬኑን ጎማዎች በሙሉ ሊያስለውጥ ይችላል።

መደምደሚያ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ተተኪ የሌላቸው ናቸው። እነርሱን ያቆየው ዕውቀት ደግሞ ያለው በመጽሐፍ ሳይሆን በአረጋውያን መካኒኮች እጅ ነው፤ ባለሙያው ሲያርፍ አብሮት ይቀበራል።

የምሕንድስና ባለሙያዎች ለዚህ ዕውቀት ባለዕዳ ናቸው። ጠብታን ወደ ምንጩ መከተል በመኪና ብቻ የሚወሰን ሥርዓት አይደለም። በውኃ መስመርም ሆነ በፋብሪካ ማሽን ላይ የሚሠራው ያው ነው። ማጽዳት፣ መጠበቅ፣ ከላይ መጀመር፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አለመድፈን። ጋራዦች ይህን ለሦስት ትውልድ ያህል ሳይጽፉት አስተምረዋል። ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ተቀብሎ፣ ዘዴያቸውን መርምሮና ሥዕል ጨምሮ በአማርኛ መመዝገብ የዚህ ትውልድ መሐንዲሶች ሥራ ነው።