የቃል ፈተና ታሪክ፤ በመራጭና በተመራጭ መካከል



ሥራ ፈላጊ ሰው የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይዞ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ተራውን ሲጠብቅ ሳታዩ አልቀራችሁም። ምናልባትም ከእናንተ አንዳንዶቹ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል፤ ሌሎቻችሁም በማዕረጋችሁ ምክንያት ከጠረጴዛው ወዲያ ከፈታኞች ጋራ ትቀመጣላችሁ። ሰውዬው ገብቶ የሚቈየው ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ግን የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ይወሰናል፤ መሥሪያ ቤቱም ለብዙ ዓመት የሚያገለግለውን ወይም የሚያስቸግረውን ሰው ይመርጣል። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ወይም የቃል ፈተና የምንለው ነገር በምን መንገድ እንደ መጣና ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው በዛሬው ንግግራችን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሹምን በፈተና የመምረጥ ነገር ሲነሣ አስቀድማ የምትጠራው አገር ቻይና ናት። ከ605 ገደማ ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ፣ ይኸውም 1300 ዓመት ያህል፣ የቻይና ነገሥታት ሹማምንታቸውን በጽሕፈት ፈተና ሲመርጡ ኖረዋል። ነገር ግን ከ618 እስከ 907 በነገሡት በታንግ ነገሥታት ዘመን የጽሕፈቱን ፈተና ያለፈ ሰው ወዲያው ሹመት አያገኝም ነበር። ሹመትን ወደሚመለከተው ሚኒስቴር ቀርቦ በአራት ነገር ይመዘናል፤ እነርሱም ቁመናው፣ አነጋገሩ፣ የእጅ ጽሕፈቱና ፍርዱ ናቸው። ቁመና ከፍርድ ቀድሞ መቈጠሩን ልብ በሉ። የቻይና ሕዝብ ዦንግ ኩይ ስለሚባል ሰው የሚተርከው ተረት አለ፤ በፈተናው አንደኛ ወጥቶ ሳለ መልከ ጥፉ ነው ተብሎ ማዕረጉን ስለ ተከለከለ ራሱን ገደለ ይላሉ። ተረት ነው፤ ሆኖም ሕዝብ እንዲህ ያለውን ተረት በከንቱ አያወራም።

ተረት ያልሆነም አለ። ሃን ዩ የተባለው ስመ ጥር ጸሐፊ ከፍተኛውን የጽሕፈት ፈተና በአራተኛው ሙከራ በ792 ካለፈ በኋላ፣ ለሹመት የሚያበቃውን ሌላ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቋል። በ795 ችግሩን ዘርዝሮ ለታላላቆቹ ሚኒስትሮች ሦስት ደብዳቤ ቢጽፍም ልመናው ፍሬ አላገኘም። ይህ ሰው በሽምግልናው ዘመን የዚያው የሹመት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ከጣሉት ፈታኞች አንዱ እንኳ በሕይወት ቈይቶ ከሆነ፣ እጅ ሊነሣ ሲገባ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ኋላ በሶንግ ነገሥታት ዘመን አድልዎ እንዳይደረግ የተፈታኙ ስም ይሸፈን፣ ጽሑፉም እጁ እንዳይታወቅ በሌላ ጸሐፊ ተገልብጦ ለፈታኙ ይቀርብ ጀመር። ይህ በወረቀት ላይ ይቻላል። በቃል ፈተና ግን ፊት አይሸፈንም፣ ድምፅም አይገለበጥም፤ የነገሩ ሁሉ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የመንግሥት ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው በዘመድና በአማላጅ ነበር። ኖርዝኮትና ትሬቨልያን የተባሉ ባለሥልጣኖች በ1854 በታተመ ሪፖርታቸው በምትኩ የውድድር ፈተና እንዲደረግ አሳሰቡ፤ በ1855 ፈተናውን የሚቈጣጠር ኮሚሽን ተቋቋመ። የቃል ፈተና በከፍተኛው ውድድር ውስጥ እንዲጨመር አንድ ኮሚቴ ሐሳብ ያቀረበው ግን በ1917 ነው። በዚያ አገር አነጋገር ብቻውን የሰውን ትውልድና ትምህርት ቤት ስለሚያሳብቅ፣ በፊት በር የወጣው አድልዎ በጓሮ የሚመለስበት ቀዳዳ ተከፈተ ብንል ከእውነት አንርቅም።

እኛም የራሳችን ልማድ ነበረን፤ ደጅ ጥናት። ሹመት ፈላጊው በጌታው ደጅ ወራትና ዓመታት እየቆመ፣ እጅ እየነሣ፣ አማላጅ እየላከ ይኖራል። ጌታውም ትዕግሥቱንና ታማኝነቱን በረጅም ጊዜ ያያል፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ግን በዚህ ሚዛን ማወቅ አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በችሎታ ለመምራት ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ የተቋቋመው በ1961 ነው። ደጅ ጥናት ግን በትእዛዝ ብቻ እንደማይሞት የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በአሜሪካ ደግሞ አምፑልን ለሕዝብ ያደረሰው ቶማስ ኤዲሶን በ1921 ሥራ ፈላጊዎችን የሚፈትንበት ረጅም የጥያቄ ዝርዝር በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ክርክር አስነሣ። ቮልጋ የሚባለው ወንዝ የት ነው? ሊዮኒዳስ ማን ነበር? የላምባ በርሜል ከምን እንጨት ይሠራል? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ነበሩ። በዚያው ወራት አሜሪካን ይጐበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን ከዝርዝሩ አንዱን፣ የድምፅን ፍጥነት፣ ቢጠየቅ፣ ከመጻሕፍት በቀላሉ የሚገኘውን ነገር በራሱ ተሸክሞ እንደማይዞር መለሰ። ኤዲሶን ታላቅ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ትዝታ ከሰው ሥራ ጋራ አንድ አድርጎታል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ተፈታኙን ትተው ፈታኙን መፈተን ጀመሩ። ሆሊንግዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1922 እንደ ገለጸው፣ 12 የሽያጭ ኃላፊዎች 57 ሥራ ፈላጊዎችን እያንዳንዳቸው ለብቻ ጠይቀው በተራ እንዲያስቀምጡ ተደረገ። አንዱ ኃላፊ ከፊተኞቹ የመደበውን ሰው ሌላው ከኋለኞቹ አሰለፈው። በ1958 የወጣ የስፕሪንግቤት ጥናት ደግሞ ጠያቂዎች ውሳኔአቸውን በአማካይ በአራት ደቂቃ ውስጥ እንደሚቈርጡ አሳየ። በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዌብስተርና ባልደረቦቹ በ1964 ባሳተሙት ምርምር፣ ጠያቂው ከመልካሙ ይልቅ ነቀፌታውን እንደሚያከብድ ገለጹ። እንግዲህ ተፈታኙ ወንበሩን ስቦ ሳይደላደል ፍርዱ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው፤ የቀረው ሰዓት ለፍርዱ ምስክር መፈለጊያ ይሆናል።

መድኃኒቱም ከዚያው ምርምር ወጣ። ጥያቄው ከሥራው ይቀዳ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ የመልሱ ነጥብም አስቀድሞ ይወሰን። በ1998 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ማጠቃለያ እንዲህ ያለው ፈተና ከልማዳዊው ወግ ይልቅ የወደፊት ሥራን አስቀድሞ እንደሚያመለክት አረጋግጧል፤ በ2022 የወጣው ሌላ ማጠቃለያም ከሠራተኛ መምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ከፊተኛው ረድፍ አስቀምጦታል።

ይህ እንዴት ይፈጸማል ብትሉ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ እንበል። «ስለ ራስህ ንገረን» ከማለት ይልቅ፣ «አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ ፋይሉ ከቦታው ቢታጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ለባለጉዳዩስ ምን ትነግረዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህንኑ ለሁሉም ተፈታኝ በአንድ ቃል ጠይቁ። ፈታኞች ሳይመካከሩ ነጥባቸውን በየራሳቸው ወረቀት ይጻፉ፤ አለቃውም መጨረሻ ይናገር። አለቃ አስቀድሞ «ይህ ልጅ ደስ ይላል» ካለ፣ ሦስቱ ፈታኞች አንድ ሆነው ቀሩ ማለት ነው።

ተፈታኝ የሆናችሁ ደግሞ ማስታወቂያውን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ የመሥሪያ ቤቱን ተግባርና የተቋቋመበትን ሕግ እወቁ። ከዚህ በፊት ከሠራችሁት ሦስት ወይም አራት ጉዳይ መርጣችሁ ችግሩ ምን እንደ ነበረ፣ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን ውጤት እንደ ተገኘ በአጭሩ መናገርን ለወዳጅ ተለማመዱ። ስለ አራቱ ደቂቃ ሰምታችኋልና ሰዓት አክብሩ፤ ንጹሕ ልብስ ልበሱ፤ ውድ መሆን የለበትም። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ፣ መልሱን የት እንደምታገኙት ንገሯቸው። «አንተስ የምትጠይቀን አለ?» ሲሏችሁም፣ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሠርቶ እንዲያሳያቸው እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው።