የጃዝ ሥረ መሠረት በኒው ኦርሊንስ

ጃዝ፣ ማለትም ተጫዋቾች በአንድ ዜማ ላይ ተመሥርተው እዚያው በጨዋታው መካከል አዲስ ዜማ የሚፈጥሩበት የሙዚቃ ስልት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በአሜሪካዋ የወደብ ከተማ በኒው ኦርሊንስ ብቅ ያለ ቢሆንም፣ ሥሩ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። የከተማዋ ምክር ቤት በ1817 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በባርነት የተያዙ ሰዎች እሑድ እሑድ በተወሰነ ስፍራ ብቻ እንዲሰበሰቡ በመፍቀዱ፣ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በኋላ ኮንጎ አደባባይ በተባለው ሜዳ ከበሮ እየመቱ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለና ክብ ሠርተው እየጨፈሩ የአባቶቻቸውን ምት ጠብቀው አቆይተዋል፤ ነፃነታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ይህን መፈጸማቸው በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከታላላቅ ተግባራት አንዱ ሊባል ይገባዋል። በዚህ ላይ የሥራ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የኑሮን ምሬት የሚገልጸው ብሉዝ፣ በፒያኖ የዳበረው ራግታይም፣ እንዲሁም ቀብርን ሳይቀር የሚያጅበው የናስ መሣሪያዎች ባንድ ተጨመሩ። ኮርኔት የተባለውን አነስተኛ ጥሩምባ ይነፋ የነበረው ቡዲ ቦልደን ከቀደምቶቹ መሪዎች አንዱ ሲሆን፣ ጨዋታውን የያዘ አንድም ሸክላ አልተገኘም። በ1917 የወጣውን የመጀመሪያ የጃዝ ሸክላ ያስቀረጸው የነጮች ቡድን ነበር፤ ጥቁሩ የኮርኔት ተጫዋች ኪንግ ኦሊቨር ግን ወጣቱን ሉዊ አርምስትሮንግን ይዞ ሸክላ ያስቀረጸው በ1923 ነው። ስለዚህ የጃዝን ታሪክ ከ1917 መጀመር ፈጣሪዎቹን መዘንጋት ነው።