ለአገር በር የሚቆም ሰው፦ የብሔራዊ ቡድናችን በረኞች አመራረጥ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ

በፎገራ ሜዳ ክረምቱ አልፎ፣ ርብና ጉማራ ያፈሰሱት ውሃ ሸሽቶ፣ ሩዙም ታጭዶ ሲነሣ ቃርሚያው የቀረበት መሬት የኳስ ሜዳ ይሆናል። ልጆች ለሁለት ሲከፈሉ አመራረጡ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ፈጣኑ ይጠራል፤ ቀጥሎ ግራ እግረኛው። ማንም ያልጠራው ልጅ መጨረሻ ላይ ይቀርና «አንተ በር ቁም» ይባላል። እኔም በረኛ የሆንኩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ለአገር የሚቆመው በረኛስ በምን ዓይነት ይመረጥ ይሆን እያልኩ ሳስብ ኖሬአለሁ። ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሲመርጡ እኔ ይህን ያዝኩ። ውድ አንባቢ፣ «ይህም ታሪክ ነው ወይ?» ቢሉኝ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት አንዷ ናት። የመጀመሪያው ዋንጫ ፍጻሜ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲደረግ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጐል ያገባው አድ ዲባ የተባለው አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ስንገናኝ እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጐል ማለት ነው። ሦስተኛው ዋንጫ ግን በአዲስ አበባ ሆነና ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ያችኑ ግብፅን ከተጨማሪ ሰዓት ጋር 4 ለ 2 አሸነፍን። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ስለዚህ ድል ሲወራ ሽማግሌዎች መንግሥቱ ወርቁን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎንና ወንድሙን ኢታሎን ይጠራሉ። በሩ ላይ የቆመው ማን እንደ ነበረ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ዝም አሉኝ። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በዚያ ቀን ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመው አገቡበት፤ ወገኖቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉለት። ሁለተኛው ጐል ከገባበት በኋላ ግን እስከ 120ኛው ደቂቃ ድረስ ሌላ ኳስ አላሳለፈም። ኢታሎና መንግሥቱ በተጨማሪው ሰዓት ያገቡት ጐል ዋንጫ ያስገኘው እርሱ ኋላውን ዘግቶ ስለ ቆየ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን ተጫዋች መቀየር እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም። በዓለም ዋንጫ እንኳ የተፈቀደው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ በረኛ መረጠ ማለት አንድ ሰው መረጠ ማለት ነበር። ዛሬ ለአፍሪካ ዋንጫ የሚሄድ ቡድን ሦስት በረኞች ይይዛል። አንደኛው ይጫወታል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ለመሙላት ሄዶ ጓንቱን ሳያቆሽሽ ይመለሳል። የኛ ቡድን በ2005 ዓ.ም. የደረሰበት ነገር ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ በዝርዝር ልናገረው።

ከ31 ዓመት በኋላ ሱዳንን አልፈን ደቡብ አፍሪካ ስንገባ አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው ጥር 13 ቀን ነው፤ ዋንጫውን ያገኘንበት 51ኛ ዓመት በዚያው ዕለት መዋሉን ልብ ይሏል። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛቸው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ጥቂት ቆይቶ የኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ኳስ ለማራቅ ወጥቶ እግሩን ቢያነሣ ቺሳምባ ሉንጉን ደረቱ ላይ አገኘውና ዳኛው በቀይ ካርድ አስወጣው። በረኛ ሲባረር ጕዳቱ እጥፍ ነው፤ አንድ ሰው ከመጉደሉ በላይ ተጠባባቂውን በረኛ ለማስገባት ሌላ ተጫዋች ይወጣል። ዘሪሁን ታደለ ገባ። በዐሥር ሰው ስንጫወት ዛምቢያ ቀድማ ብታገባም አዳነ ግርማ አቻ አደረገና 1 ለ 1 ወጣን።

ከቡርኪና ፋሶ ጋር ዘሪሁን ቆመ። በዚህ ጨዋታ የተባረረው የነርሱ በረኛ ነበር፤ እኛ ግን በዐሥር ሰው ተሸነፍን፣ ያውም 4 ለ 0። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር ሲሆን ተራው ለሦስተኛው ደረሰ። ሲሳይ ባንጫ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ አላስገባም። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በመጨረሻው ሰዓት ሲሳይ ሞሰስን ሲጥለው ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ተባረረ። መቀየሪያው ሁሉ አልቆ ነበርና የመሀል ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሊጠብቅ ቆመ። ገባ። 2 ለ 0። የዚያን ዓመት ፍጻሜ የተጫወቱትም እነዚሁ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው።

ይህን የሚተርክልን ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው። እኔ ግን አያስቀኝም። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኞች መሰለፋቸው ሦስተኛውም ሰው በእውነት በረኛ ሆኖ መመረጥ እንዳለበት ያሳያል። ታዲያ አሠልጣኙ ከየት ያምጣ? በረኛ እንደ አጥቂ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ገብቶ አይሞከርም። በአንድ ክለብ የሚቆመው አንድ ነው፤ የቀሩት ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በዚያም ላይ ትልልቆቹ ክለቦች ይህችን አንድ ቦታ ለውጭ አገር ሰው ሲሰጡ ኖረዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኡጋንዳውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ ከዚያም የኬንያውን ፓትሪክ ማታሲን አቆመ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በረኛው የጋናው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የኛው ጐረቤት ፋሲል ከነማ ሲያሸንፍ፣ ወረታ ላይ ባሕር ዳርን የሚደግፉት ሳይቀሩ ሲጨፍሩ፣ በሩ ላይ የነበረው የማሊው ሚኬል ሳማኬ ነበር።

ክለቦቹን ፈጽሜ አልወቅስም። አጥቂ ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይወደሳል፤ በረኛ ዐሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት አሠልጣኙ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጓደኛው በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ስለ ተከለከለ የዛሬው በረኛ በእግሩም መጫወት አለበት። የተፈተነ ሰው መፈለጋቸው አይገርምም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በግብፅ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የኬንያን በር የጠበቀው ማታሲ በአዲስ አበባ ክለብ ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያ ግን በዚያ ውድድር አልነበረችም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የዚያን ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩት የኛ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

እኔ በትምህርት ቤታችን ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነኝ። ዘንድሮ የተጫወትኩት አንድ ግማሽ ጨዋታ ነው፤ እርሱም አንደኛው ጣቱ ስለ ተጐዳ ነው፤ ሁለት ገባብኝ። ከእርሱ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ እንቀራለን። እርሱ ሲቆም እኔ እመታለሁ፤ እኔ ስቆም እርሱ ይመታል። ሁለታችንም በዚህ ዓመት ስለምንጨርስ ከዘጠነኛ ክፍል አንድ ልጅ ጨምረናል።